መቶ አርባ ሁለት እርምጃ

ጠይብ አንዲት እርምጃ እንኳ በከንቱ አያባክንም ተብሎ የሚወራለት ተሸካሚ ነው። ወሬውን መጀመሪያ ማን እንዳስወራው አላውቅም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ሠርኬ እባላለሁ፤ ጭድ ተራ ገመድ እሸጣለሁ። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ የሚሸከም ሰው ሁሉ ገመዱን የሚገዛው ከእኔ ስለሆነ የተሸካሚዎችን ጉድ ከሚስቶቻቸው ቀድሜ ነው የምሰማው። የጠይብን ደግሞ ባልሰማም አየዋለሁ፤ ሚስቱ ጠሂራ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት።

መርካቶ የገባው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በ1984 ነው። ከወሎ መጥቶ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የዘመዱን ቤት የሚጠይቀው ሰው ይፈልግ ነበር። የመጀመሪያው የጠየቀው ሰው ነጋዴ ሆነና ትከሻውን አየት አድርጎ፣ «እሱን በኋላ አሳይሃለሁ፤ አሁን ይቺን ጆንያ ያዝልኝ» አለው። ጠይብ ዘመዱን ያገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ያቺ ጆንያ ግን እስከ ዛሬ ከጀርባዬ አልወረደችም» ይላል።

ሸክምን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጉልበት ብቻ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ዋናው ማረፊያ ማወቅ ነው። ኩንታል የተሸከመ ሰው ሲደክመው ሸክሙን መሬት አያስቀምጥም፤ ካስቀመጠው መልሰው የሚያሸክሙት ሁለት ሰዎች መለመን አለበት። ስለዚህ ከወገብ ትንሽ ከፍ ያለ ግንብ ወይም የድንጋይ እርከን ፈልጎ፣ ጀርባውን አዙሮ፣ ገመዱን ሳይፈታ ሸክሙን እዚያ ላይ ያሳርፋል። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ላቡን ጠርጎ ይቀጥላል። እነዚህ ማረፊያዎች የት የት እንዳሉ የሚያውቅ ተሸካሚ ብቻ ነው። እኛ በአጠገባቸው ስናልፍ የምናየው ተራ ግንብ ነው።

ከጠሂራ ሱቅ ፊት ለፊት እንዲህ ያለ አንድ እርከን አለ። ያን ጊዜ ሱቁ የአባቷ ነበር፤ ጭድ የተሞላ ፍራሽና ትራስ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ጠይብ መንገድ ተሳስቶ፣ በርበሬ ተሸክሞ ገባና እርከኑ ላይ አረፈ። ጠሂራ በጣሳ ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። በማግስቱ መንገድ ሳይሳሳት መጣ። በሦስተኛው ቀን አባቷ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ትፈልጋለህ?» ቢሉት፣

«መንገዴ ስለሆነ ነው» አላቸው።

ሁለት ዓመት እንዲህ መንገዱ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ተጋቡ፣ ወለዱ፤ አባቷ ሲያርፉ ሱቁ ለጠሂራ ቀረ። ጠይብም በየሸክሙ መሐል እርከኑ ላይ ማረፉን፣ እሷም በጣሳ ውሃ ማቅረቧን ሳያቋርጡ ከመጀመሪያዋ ጣሳ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። ታዲያ ይሄ ሰው ከአፉ አንዲት ጣፋጭ ቃል ወጥታ አታውቅም። ጠሂራ አንዳንዴ ስትከፋ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ «ሠርኬ፣ ይኸውልሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብሎ መጥቶ አያውቅም። የሚያመጣው መንገዱ ነው። መንገዱ በሌላ በኩል ቢሆን ኖሮ ይሄኔ የሌላ ሴት ባል ነበር» ትለኛለች።

እኔ ዝም እላለሁ። ለምን ዝም እንደምል አሁን ልናገር። ገመድ ሻጭ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ርዝመት ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሲኒማ ራስ ለመሄድ በጭድ ተራ መዞር አያስፈልግም። ሰፊው የአስፋልት መንገድ ቀጥ ብሎ ይወስዳል፤ ማረፊያ እንኳ ቢፈለግ የድሮው መጋዘን ግንብ አለለት። ጠይብ ግን ለተሸካሚዎቹ፣ «ሰፊው መንገድ ለዓይን የማይታይ ዳገት አለው፤ ጉልበት ይበላል» ብሎ አስተምሯቸዋል። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ከነባሩ ይማራል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሰፈሩ ሙሉ ሸክሙን ይዞ በጠሂራ በር የሚዞር ሆነ። ይህን እያወቅኩ ያልተናገርኩት ሁሉም በእኔም በር ስለሚያልፍ ነው። ገመድ የሚያልቅበት ሰው የት ሄዶ ይገዛል?

በ2008 መግቢያ ላይ የከተማው ባቡር ሥራ ጀመረ። መስመሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከምሥራቅ መጥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፣ ሌላው በእኛ በኩል አውቶቡስ ተራን ነክቶ ያልፋል። ከጦር ኃይሎች ወደ አውቶቡስ ተራ የሚመጣ ሰው ልደታ ወርዶ መቀየር ግዴታው ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሁለቱን በመርካቶ ሆድ ውስጥ አሳልፎ የሚያገናኝ አጭር መስመር ሊጠና ነው ተባለና ብጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ሰፈሩን ሞሉት።

አለቃቸው ሩሀማ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው የምታከብር ልጅ። መጀመሪያ ነጋዴዎቹን ጠየቀች። ጠይቃም ተጸጸተች። ሁሉም ባቡሩ በሱቁ አጠገብ እንዲቆም ይፈልጋል፤ በሱቁ ላይ እንዲያልፍ ግን አንድም የፈቀደ የለም። ደንበኞችህ ከየት ይመጣሉ፣ ወዴት ይሄዳሉ ስትላቸው ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ይዋሻሉ። ሩሀማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመርካቶ ነጋዴ እውነት እንደማይገኝ ገባት። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች።

«እትዬ ሠርኬ» አለችኝ አንድ ቀን ገመዶቼ መሐል ተቀምጣ፣ «ኩንታል የተሸከመ ሰው አላስፈላጊ እርምጃ አይራመድም። ሜዳው የት እንደሆነ ከማንም መሣሪያ በላይ እግሩ ያውቃል። ሰው በብዛት የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም አዋቂው ማነው?»

ምን ልበላት? ጠይብን ጠራሁላት።

እንዴት ደስ እንዳለው ማየት ነበር። የሞባይል ስልክ የምታክል መሣሪያ ትከሻው ላይ አሰረችለት፤ የሄደበትን ሁሉ እየተከተለች የምትመዘግብ ነገር ናት። ለአሥር ቀን እሷን ታጥቆ እንደ ሙሽራ ተጀነነ። እየዞረ ማረፊያዎቹን ሁሉ በጣቱ አሳያት፤ ልጅቷም እያንዳንዱን ጻፈች። «መንገድ! መንገድ!» ብሎ ሲጮህ ድምፁ ራሱ ወፍሮ ነበር። ሻይ ቤት ሲቀመጥም፣ «መንግሥት መንገድ ሲጠፋው ወደ እኔ ላከ» እያለ ጓደኞቹን አሰለቻቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ የጠሂራ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። አንድ ቁጥርና አንድ ቀስት። አዲስ አበባ ውስጥ በግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጠሂራ ከቀለሙ ፊት ቆማ ነበር፤ ቁልፉን በእጇ ይዛ ሱቁን አልከፈተችም።

«አባቴ አርባ ዓመት የሠራበት ቤት ነው» አለችኝ። ቀለሙ በሷ ላይ ይሁን እንጂ ግድግዳው የጋራችን ነው፤ የሷ ከፈረሰ የኔም አይተርፍም። ሱቅ ለእኛ እቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ጠሂራ ከዚያች ደጃፍ ሌላ የምታውቀው ዓለም የላትም፤ ልጆቿን ፍራሽ ክምር ላይ አስተኝታ ነው ያሳደገችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጠይብ የመጀመሪያውን ሸክም ይዞ መጣና እርከኑ ላይ አረፈ። ውሃ የለም። ዞር ብሎ ቀለሙን አየ። የሰውዬው ፊት በአንድ ጊዜ ሲገረጣ አይቼ አሳዘነኝ።

«አንተ ነህ መርተህ ያመጣሃቸው» አለችው ጠሂራ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ሌላ መንገድ የለም? አንተ እኮ ሁሉንም ታውቃለህ። ባቡሩ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለም ወይ?»

ጠይብ አፉን ከፈተ። የሚለውን አውቄዋለሁ፤ «አለ» ሊላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። በዚህ መሐል ጃፋር የሚባል ግዙፍ ተሸካሚ ስኳር ተሸክሞ ከኋላው መጥቶ ማረፊያውን ለመውሰድ ተራ ይጠብቃል፤ ከጃፋር ኋላ ደግሞ ሌሎች ሦስት አሉ። ሁሉም ዓይናቸውን ጠይብ ላይ ተክለዋል።

«ሜዳው ይሄ ነው» አለ ጠይብ፤ ሸክሙን አስተካክሎም ሄደ።

ማታ ሱቅ ስንዘጋ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። «ጠይብ፣ ንገራቸው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የምን ምኑን ነው? ቤቷ ሊፈርስ ነው እኮ!»

መሬት መሬት አየ። «ሠርኬ፣ እነዚህ ሰዎች እኔን አምነው ነው በዚያ የሚሸከሙት። ስንት ዓመት! ጃፋር ወገቡን አመመኝ ሲለኝ እንኳ ‹በሰፊው መንገድ ብትሄድ ይብስሃል› ብዬዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?» አለኝ። እኔ ራሴ ብናገር ደግሞ ገመድ ሻጯ ሱቋን ለማዳን ዋሸች ይባላል። ደግሞም የኔ ነገር አይደለም፤ የሱ ነው። ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ማን ቀረ? ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሻይ አፍዪዋ ሁሉ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። እኔና ጠሂራ ጎን ለጎን ነን። ጠይብ ከተሸካሚዎቹ ጋር ከኋላ ነው። ሩሀማ ካርታውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቀችው። ቀዩ መስመር ከጦር ኃይሎች ተነስቶ፣ መርካቶ ገብቶ፣ ሲኒማ ራስን ነክቶ፣ ወደ አውቶቡስ ተራ ያመራል። ከሲኒማ ራስ በኋላ በሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ድንገት እንዳረገዘች ሴት ሆድ ወደ ጭድ ተራ ያብጥና ተመልሶ ወደ ሰፊው መንገድ ይገባል።

«ዛሬ የተስማማንበት መስመር ነው ሰኞ ወደ ልኬት የሚሄደው» አለች ሩሀማ። «ሌላውን ለመለካት ጊዜም አቅምም የለንም። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ።»

ዘውገ የሚባሉ ሽማግሌ ጨርቅ ነጋዴ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ ተነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ባቡር እዚህ ጋ ምን ሊያይ ነው የሚዞረው?» አሉ። ሰው ሳቀ።

ሩሀማ አልሳቀችም። «አባባ፣ እኔም ገርሞኝ ነበር። ሰፊው መንገድ እያለ ልምድ ያላቸው ተሸካሚዎች ሁሉ ለሃያ አምስት ዓመት በዚህ የዞሩት ያለ ምክንያት አይሆንም። ሰፊው መንገድ ላይ በዓይን የማይታይ ዳገት እንዳለ ነግረውኛል። የእነሱን እግር አምኛለሁ» አለች።

ጠሂራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እያለቀሰች እንደሆነ በትከሻዋ አወቅኩ። ዞሬ ከኋላ ጠይብን ፈለግኩ። በዓይኔ ነገርኩት፤ በዓይኔ ሰደብኩት ብል ይሻላል።

ቆመ።

«ዳገት የለም» አለ።

«የቱ ጋ ጋሼ ጠይብ?» አለች ሩሀማ።

«ሰፊው መንገድ ላይ። ሜዳ ነው። እንደ እጄ መዳፍ ሜዳ ነው።»

ሩሀማ ወረቀቷን አገላበጠች። «ታዲያ ለምንድነው በጭድ ተራ የሚዞሩት? ያሠርኩልዎት መሣሪያ እኮ አንድ ቀን እንኳ በቀጥታው እንዳልሄዱ ነው የሚያሳየው።»

ጠይብ በሁለት እጁ ቆቡን አጣመመው። ኩንታል ተሸክሞ እንደዚያ አልቦት አያውቅም።

«ሚስቴ እዚያ ስላለች ነው» አለ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፤ የሰማነውን ነገር እያላመጥን ነበር። ከዚያ ዘውገ ጀመሩ፤ ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። በሳቁ መሐል ጃፋር ያንን ግዙፍ አካሉን ይዞ ተነሳ። «ቆይ! ቆይ! ቆይ!» አለ። «የኔ ሚስት ኮልፌ ናት! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስኳር ተሸክሜ የዞርኩት ለማን ሚስት ነው?»

ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ማንም አይሰማውም። ሩሀማ ራሷ ጀርባዋን ሰጥታን ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ጠይብ ብቻ አልተቀመጠም፤ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ወደ ጠሂራ እያየ ነው። ጠሂራ ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሳች። ተነሳች። እሷ ስትቆም ሰው ሁሉ ዝም አለ።

«ስንት እርምጃ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ከሰፊው መንገድ እኔ ጋ።»

«ሰባ አንድ» አለ ጠይብ ሳያስብ። «ደርሶ መልስ መቶ አርባ ሁለት።»

«ቆጥረኸዋል?»

«በየቀኑ።»

ጠሂራ ተቀመጠች። እጄን ያዘችና እስኪያመኝ ጨመቀችው። እኔ ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ፤ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ልቤ ደንድኗል ብዬ አስብ ነበር። አልደነደነም፤ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ሩሀማ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደችና ያንን ሆድ አጠፋችው። መስመሩ በሰፊው መንገድ ላይ፣ ሱቅም ሆነ ቤት በሌለበት፣ ቀጥ አለ። «ሪፖርቱ ላይ መስመሩ የተቀየረበትን ምክንያት መጻፍ አለብኝ፤ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች።

«በግል ጉዳይ በይው!» አለ አንዱ ከኋላ። ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም።

ተሸካሚዎቹ ጠይብን በዋዛ አልለቀቁትም። የዚያኑ ዕለት ሻይ ቤት አስቀምጠው ፈረዱበት። አንደኛ፣ ለሁሉም ሻይና ፓስቲ ይጋብዛል። ሁለተኛ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሸክም ይዞ በጭድ ተራ እንዳያልፍ፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው በቀጥታው ይሂድ። ፍርዱን ያነበበው ጃፋር ነው፤ ወገቡን እያሻሸ። ጠይብ ሳይከራከር ተቀበለ፤ ሦስት ፓስቲ ለጃፋር ብቻ ጨመረ።

ሰኞ ጠዋት ከሩሀማ ሰዎች አንዱ መጥቶ ቀዩን ቀለም በኖራ ሸፈነው። ደስታችን ደስታ ነበር፤ ግን ሦስት ሰዓት ሲሆን ደጃፉ ጭር አለ። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ላብ ወደ ሰፊው መንገድ ሄዷል። የኔም ገበያ አብሮ እንደሄደ እዚያው ገባኝ፤ በልቤ ጠይብን እንደገና ረገምኩት። እርከኑ ባዶውን ተቀምጧል። ጠሂራ እሱን እሱን ታያለች። ቆይታ ጣሳውን አነሳች፣ ውሃ ሞላችው፣ አንገቷን ወደ እኔ ሱቅ አሰገገች።

«ሠርኬ፣ ሱቁን እያየሽልኝ» ብላ ወጣች።

እሺ አልኳት። ግን እውነት ለመናገር አላየሁላትም። ሁለቱን ሱቅ፣ የሷን ለአላህ፣ የኔን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቼ ከኋላዋ ሄድኩ። ውሃው እንዳይፈስ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች ነው። ሰፊው መንገድ ስትደርስ የድሮው መጋዘን ግንብ አጠገብ ቆመች። ብዙም አልቆየ፣ ጠይብ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ኩርፊያ የያዘው ሰው መስሎ መጣ። ግንቡ ላይ ሊያርፍ ጀርባውን ሲያዞር አያት።

«ሱቁስ?» አላት።

«ሠርኬ አለች።»

እኔ ከአንድ ምሰሶ ኋላ ተደብቄያለሁ።

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ጠሂራ ጣሳውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«መንገዴ ስለሆነ ነው» አለችው።

ባቡሩ እስካሁን አልመጣም። ጥናቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል ይባላል፤ የሩሀማ ጥፋት አይደለም። ጠሂራ ግን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ጣሳዋን ሞልታ ትወጣለች፤ ሱቁን የማየው እኔ ነኝ።